አንደኛ የወጣው ሰፈር

ለልጄ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይወጋሻል? ትንሿስ? የላይኛው ጥርሷ ወለቀ ብለሽኝ ነበር፤ አዲሱ ብቅ አለ? ጣሪያውስ እንዴት ሆነ? የቤቱ ባለቤት ከዝናቡ በፊት አሠራዋለሁ ማለቱን ነግረሽኛል፤ የሱ «በፊት» ግን ሁልጊዜ ከዝናቡ በኋላ ነው የሚመጣው። ለጠብታው ባልዲ የምታስቀምጪ ከሆነ ውስጡ ጨርቅ አንጥፊበት፤ ድምፁ ልጅቷን ከእንቅልፏ እንዳያነቃት።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያጉረመርማል እንጂ ሜዳ ላይ ይታዘዘኛል። ሰሞኑን ቀን ቀን መደወልሽን ወድጄዋለሁ። ድሮ የምንሰማማው እሑድ ማታ ብቻ ነበር፤ አሁን ረፋድ ላይም ከሰዓት በኋላም ስልኩ ሲጮኽ አንቺ ነሽ፤ ከኋላሽም ትንሿ ስትዘፍን ይሰማኛል። ይህን የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በስልክ ሲሆን እኔ ሳልጨርስ «እሺ አባዬ፣ ገባኝ» ስለምትዪ ነው። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ሻይሽን ይዘሽ ቁጭ በዪና ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ። መጨረሻውን አስቀድሞ የማየት አመልሽን አውቀዋለሁ።

ባለፉት ሁለት ወራት ቤት ለቤት እየዞርኩ መረጃ ስሰበስብ እንደነበር ታውቂያለሽ። ምን ዓይነት መረጃ እንደሆነ ግን በቅጡ አላስረዳሁሽም። ለተቸገሩ ቤተሰቦች በየወሩ የድጋፍ ገንዘብ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አለ። ድጋፍ ከሚቀበሉት ውስጥ ስንቱ ሥራ ይዞ ራሱን እንደቻለ ማወቅ ፈለገና ለዚህ ጡረተኞችን ቀጠረ። ጡረተኛ ታጋሽ ነው፣ በየደጁ ሲቆምም ሰውም ውሻም አይቆጣውም ይላሉ። ስለ ውሻው ተሳስተዋል።

ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ታብሌት ተሰጠን። በውስጡ ያሉት ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፤ ዋናው ግን አንድ ነው፦ በአሁኑ ጊዜ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ አለዎት? «አለኝ» ወይም «የለኝም» የሚለውን ካልነኩለት ታብሌቱ ወደሚቀጥለው አያልፍም። «አልፎ አልፎ» የሚባል፣ «ሲገኝ» የሚባል፣ «እንደ ዕድሌ» የሚባል መልስ አያውቅም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ ስፈትን የኖርኩ ሰው ነኝና አልገረመኝም። ጥያቄ ጠባብ ሲሆን መልሱን ለማረም ይቀላል።

አስተባባሪያችን ወጣት ናት፤ ጎበዝ ልጅ፣ ግን ጥድፊያ የበዛባት። በንግግሯ መሀል «ቶሎ ቶሎ» ሳትል ስለማታልፍ እኛ ጡረተኞቹ በሌለችበት «ወይዘሪት ቶሎ» እንላታለን። በሥልጠናው ቀን አንድ ነገር አጥብቃ አስጠነቀቀችን። መልሱ ለምን እንደሚፈለግ ለማንም እንዳትናገሩ አለች። ሥራ አለኝ ያለ ሰው ድጋፉ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይቆምበታል፤ ይህን አስቀድሞ ካወቀ ሥራ ያለውም ይደብቃል። ልክ ናት አልኩ። ፈተናን ከነመልሱ የሚያድል አስተማሪ የለም።

የደረሰኝ ሰፈር ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለው ነው፤ አንቺም ኳስ እየተከተልሽ ጉልበትሽን የላጥሽበት። አስተባባሪዋ ይህን እንደ ትልቅ ጥቅም ነው የቆጠረችው፤ «ያምኑዎታል ጋሼ» አለችኝ። አልተሳሳተችም። ባንኳኳሁበት ሁሉ በሩን የሚከፍትልኝ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ እሱ ካልሆነም ሚስቱ ወይም እናቱ። ጢም ያበቀለ ሰውዬ እኔን ሲያይ ሲጋራውን በመስኮት ይወረውራል። ልጅ ያቀፈች ሴት ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች። ተቀመጡ ስላቸው «እርስዎ ይቀመጡ ጋሼ» ይሉና ያለችውን አንድ ወንበር በእጃቸው ጠርገው ያቀርቡልኛል። እነሱ ቆመው ይመልሳሉ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዓይናቸውን ግድግዳ ላይ ተክለው። ሥራ አለህ ስለው አለኝ ጋሼ ይለኛል፤ ምን ሥራ ስለው ሳያመነታ ይነግረኛል። አንዷማ ጨርሰን ታብሌቱን ስዘጋ አንገቷን አስግጋ «ስንት አገኘሁ ጋሼ?» አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከሁሉ ይልቅ የሳቅኩት እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ መሳቄን ትቼ ማሰብ ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ሁላችንንም ሰበሰቡን። አስተባባሪዋ ወረቀቷን ይዛ ብድግ አለችና የጋሼ ሰፈር አንደኛ ወጣ አለች። እኔ ከጠየቅኳቸው ከየአራቱ ሰው ሦስቱ ሥራ ይዘዋል ማለት ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለው ሰፈር ግን ከየአራቱ አንዱ ነው። አልደብቅሽም፣ ልጄ፣ ደረቴ ተነፋ። ያስተማርኳቸው ልጆች ሰው ሆኑልኝ ብዬ በልቤ ኮራሁ። የማዶውን ሰፈር የያዘችው ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ምላሷ ከመርፌዋ ይብሳል። ሻይዋን እያማሰለች ቀና ብላ አየችኝና፣ «እንግዲህ የኔ ሰፈር ሰነፍ ነው ማለት ነው፣ ወይስ ያንተ ሰፈር ጨዋ?» አለችኝ።

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ዳቦዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ወደ ቤቴ ስሄድ ነገሩ አልለቀቀኝም። ሁለቱን ሰፈሮች የሚለያቸው አንድ መንገድ ነው። የተዘጋው የክር ፋብሪካ የሁለቱንም ሰፈር ሰው ነው ያሰናበተው። ሥራ እንደ ዝናብ ከመንገዱ ወዲህ ብቻ ሊዘንብ አይችልም። ደግሞ ፈተና ሳርም የሚያሳስበኝ ሰነፉ ሲወድቅ አልነበረም፤ ሰነፉም ጎበዙም ተያይዘው ጥሩ ውጤት ሲያመጡ ነበር። እንዲህ ሲሆን አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ጠመኔን ታስታውሺዋለሽ? ካንቺ ሁለት ክፍል ይቀድም የነበረ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው የሚመስል ልጅ። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው። ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ እዚያ ይሠራ ነበር፤ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው፤ የሚስቱ እናትም ታማ ከነሱ ጋር ትኖራለች። ስጠይቀው በጣውላ መሸጫው ስቶር ኪፐር ነኝ ብሎኝ ነበር። የመጽሐፍ መደርደሪያዬ አንድ እግሩ ከተሰበረ ቆይቷልና በዚያው አሳብቤ በማግስቱ ወደ ጣውላ መሸጫው ሄድኩ። የምፈልገውን እንጨት ካገኘሁ በኋላ ባለቤቱን የስቶር ኃላፊውን ጥራልኝ አልኩት። ሰውዬው ራሱን አከከ። «ስቶር? ጋሼ፣ እኛ ስቶር የለንም፤ ዕቃችን ሁሉ ደጅ ነው የሚያድረው» አለኝ። ጠመኔን ማለቴ ነው ስለው ገባው። ጣውላ የጫነ መኪና ሲመጣ ለማራገፍ እንጠራው ነበር፤ አሁን ግን መኪናውም እሱም ከመጡ ቆዩ አለኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጠመኔ ቤት ሄድኩ። እሱ አልነበረም። ሚስቱ የሰው ልብስ እያጠበች አገኘኋት። ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። የጣውላ መሸጫውን ነገር ስነግራት አልደነገጠችም፤ እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ ብላ ጀመረች። «እሱ እርስዎ ፊት ሥራ የለኝም ከሚል ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል። ያን ቀን እርስዎ ሲወጡ ላብ በላብ ሆኖ አገኘሁት። ምን ሆነህ ነው ስለው ጋሼ ጠየቁኝ አለኝ። ታዲያ ምን ብለህ መለስክ ስለው፣ ደህና መለስኩ አለኝ።» ይህን ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ። ኪራዩን የምንከፍለው በዚያችው ድጋፍ ነው፤ ለእናቴ መድኃኒትም ከሷው ነው የምንቆነጥረው፤ እሱ ግን ለሰው ሲነግር ሌላ ሰው ነው አለችኝ።

ድጋፉ በሚቀጥለው ወር እንደሚቆም አታውቅም። እኔ አውቃለሁ። የማውቀውን ደግሞ እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ። ከዚያ ቤት ስወጣ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። መሥሪያ ቤቱ የፈራው ሥራ እያለው የለኝም የሚለውን ሰው ነበር። ሥራ ሳይኖረው አለኝ የሚል ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኔን ሲያዩ የሚጠየቁት የኑሯቸውን ሁኔታ ሳይሆን ፈተና መሰላቸው። ለጋሼ ደግሞ የሚሰጠው ትክክለኛውን መልስ ነው። ትክክለኛው መልስ ሥራ አለኝ ነው።

በዚያው ዕለት አስተባባሪዋ ዘንድ ገባሁና የሰፈሬ መረጃ ከንቱ ነውና ልድገመው አልኳት። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላት። ቀጥሎ ተቆጣች። ሪፖርቱ ተጽፎ አልቋል፣ አለቃችን አይቶታል፣ በሰፈሩ ውጤት ደስ ብሎታል አለች። «ደግሞ ጋሼ፣ ማን ከሰሰዎት? ሰው ጥሩ ውጤት አምጥቶ ይሰረዝልኝ ይላል?» አለችኝ። ኩረጃ ያለበትን ፈተና ድሮም እሰርዝ ነበር፤ ልጆቹን ለመቅጣት ሳይሆን ያወቁትን ለማወቅ ነው አልኳት። ታዲያ ልንገራቸው ነው የሚሉት ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኩ። ብነግራቸው ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም የለኝም ይሉኛል፤ ያኛውም ውሸት ነው። እኔ የምፈልገው እንዲያተርፉም እንዲከስሩም አይደለም፤ ያለውን ነው።

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የማጠቃለያው ገጽ ላይ አልፈርምም አልኳት። ያለ ፊርማዬ የሰፈሩ ሪፖርት እንደማይላክ ሁለታችንም እናውቃለን። ታብሌቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ዝም ብላ ቆየች። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታን ከኔ በላይ የሚችል አስተማሪ እንዳልነበረ አንቺ ምስክሬ ነሽ። «እስከ ዓርብ» አለችኝ መጨረሻ ላይ። ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ ማንም ሳይረዳዎት፣ ለሰዎቹም ምንም ሳይነግሩ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

መጀመሪያ ያሰብኩት መላ አልሠራም። እኔን ካፈሩ የማያውቁት ሰው ይጠይቃቸው ብዬ ነርሷን ለመንኳት። ማንም ሳይረዳዎት መባሌን ብነግራትም፣ እኔ እርዳታ አላደርግም፣ ለራሴ የማወቅ ጉጉት ነው ብላ መጣችልኝ። ወደ ጠመኔ ቤት ገብታ ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። ለጋሼ መልሻለሁ፣ የመለስኩት እሳቸው ዘንድ አለ ብሎ አንድ ቃል አልጨምር አላት። «ተማሪህ ከቃሉ ንቅንቅ አይልም። ጥሩ አድርገህ ነው ያስተማርከው» ብላኝ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች። ያን ጊዜ ገባኝ። ጠመኔ መልሱን ቢቀይር ጋሼን ዋሽቼ ነበር ማለቱ ነው። ይህን ለሌላ ሰው አይናገርም። ለኔ ነው የሚናገረው፣ ያውም እኔ መንገዱን ከጠረግኩለት ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ራሴ ሄድኩ። ታብሌቱን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። ጠመኔ እንደ ልማዱ ብድግ አለ። ተቀመጥ አልኩት፤ እርስዎ ይቀመጡ አለኝ። ወንበሯ አንድ ናት። በአንድ ወንበር እየተግደረደርን ሊመሽብን ስለሆነ እኔ በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እንደዚያ ካደረግኩ በኋላ መቆም አፈረና አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ስለ ራሴ ነገርኩት። ለሱ የነገርኩትን አሁን ለአንቺም እነግርሻለሁ፤ ቀድመሽ መስማት የነበረብሽ አንቺ ነበርሽ።

ጡረታ ስወጣ አርፌያለሁ ብዬሽ ነበር። እያነበብኩ ነው፣ አበባ እያጠጣሁ ነው እልሽ ነበር። አበባው እውነት ነው። ዕረፍቱ ግን እውነት አልነበረም። ሥራ እየፈለግኩ ነበር። በመጀመሪያ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ካንቺ የሚያንስ ልጅ ነው፤ ማመልከቻዬን ሳይቀበለኝ «አባባ፣ የልጅ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?» አለኝ። አዎ ብዬ የምዝገባውን ቀን ጠይቄ ወጣሁ። ቀጥሎ መጻሕፍት መሸጫ ሄድኩ፤ መሰላል መውጣት ይችላሉ ወይ ብለው ጉልበቴን አዩ። ቤት መዋል ደግሞ አልቻልኩበትም። ስለዚህ ጧት ጧት ኮቴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ ለጎረቤቶቼ ቸኩያለሁ የሚል ሰላምታ እየሰጠሁ እወጣ ነበር። የት መሰለሽ? አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ወንበር ላይ። አውቶቡስ ሲመጣ ቁጥሩን አይቼ ይህ የኔ አይደለም እንደሚል ሰው አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሲመሽ ከሥራ እንደሚመለስ ሰው እመለሳለሁ። አንቺ ደውለሽ እንዴት ዋልክ ስትዪኝ እኔም ደህና እመልሳለሁ።

ጠመኔ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ጫማውን ነበር የሚያየው። ስጨርስ ትከሻው ተንቀጠቀጠና የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀ ነው። «ጋሼ፣ እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ» አለኝ። ከመንገዱ ወዲያ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው አግዳሚ ላይ። ሚስቴ ሥራ ፍለጋ የወጣሁ ይመስላታል፣ የምፈልግበት ሳጣ እዚያ እቀመጣለሁ አለኝ። «እርስዎን ሳይ ጋዜጣ እሸፈንበት ነበር። ጋሼ በዚህ ዕድሜያቸው እንኳ ወደ ሥራ ይሄዳሉ፣ እኔ ግን እዚህ ተጎልቻለሁ እያልኩ በራሴ አፍር ነበር።» እኔም አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው መስለኸኝ ልብ ብዬ አላየሁህም አልኩት። ሁለታችንም እስክንደክም ሳቅን። ሚስቱ ከጓሮ ብቅ ብላ ምን ነካችሁ አለች። ጋሼ እየፈተኑኝ ነው አላት፤ የሚፈተን ሰው እንዲህ ሲስቅ አላየሁም ብላ ተመለሰች።

ከዚያ ታብሌቱን አወጣሁና እንደ አዲስ ጠየቅኩት። ገቢ የሚያስገኝ ሥራ አለህ? የለኝም አለኝ። እንደተቀመጠ ነው የመለሰው፤ ድምፁም ዝቅ አላለም።

ከዚያ በኋላ የተከተለው ሩጫ ነው። ቤት ለቤት ያንኑ ታሪኬን ይዤ ዞርኩ። ወሬ ካንቺ አባት እግር ይፈጥናልና፣ ሦስተኛው ቀን ላይ በየደጁ «ጋሼ፣ እስቲ የአግዳሚውን ይንገሩን» እያሉ ይቀበሉኝ ጀመር። አንዳንዱ የራሱን አግዳሚ ነገረኝ። አንዷ ጧት ተኳኩላ ወጥታ ገበያ ውስጥ ዋጋ ስትጠይቅ ትውላለች፤ ምንም አትገዛም። አንዱ የዘመዱ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሠራተኛ መስሎ ይውላል፤ ዘመዱ ራሱ ሳይቀር ቀጥሬው ይሆን እንዴ ብሎ የሚጠራጠር ይመስለዋል። «ስንት አገኘሁ?» ያለችኝ ሴት አሁን ሳልጠይቃት፣ ያኔ ኮርጄ ነበር ጋሼ አለችኝ።

ሁሉም የለኝም አሉ ማለት እንዳይመስልሽ። ዳቦ ቤት የምትሠራው ሴት ስመለስባት ተቆጣችኝ። የኔን እውነት ሊሰርዙ ነው እንዴ ብላ ዱቄት የነካው ክንዷን ፊቴ ዘረጋችው፤ የሷን እንዳለ ተውኩት። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ወሬውን ሰምቶ ነገሩን በሌላ በኩል ያዘው። እኔም እንደ ሰው የለኝም ልበል አለኝ፤ ይህን ሲለኝ ማበጠሪያው ከኪሱ ብቅ ብሎ ነበር፣ ደንበኛውም ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ይጠብቀዋል። አለኝ በል፣ ሰውዬውንም ጨርስለት አልኩት። አለኝ አለ።

ዓርብ ዕለት ያመጣሁት ውጤት ከነርሷ ሰፈር ጋር እኩል ነበር፤ ከየአራት ሰው አንዱ። አስተባባሪዋ የፊተኛውንና የኋለኛውን ጎን ለጎን አድርጋ ብዙ ጊዜ ተመለከተችው። «አንደኝነታችንን አጠፉብን እኮ ጋሼ» አለችኝ። የማዶው ሰፈር ያንን አንደኝነት ሳያገኘው ኖሯል፣ ምንም አልሆነም አልኳት። ፈገግ አላለችም፤ ግን አለቃዋ ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋችው። ከውጭ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። የሷም ውል በዚያው ሰውዬ እጅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል። ተልኳል አለችኝ። አዲሱ ነው የተላከው።

ድጋፋቸው የሚቆምባቸው ሰዎች ስም ባለፈው ሳምንት ተነገረ። የጠመኔ ቤት የለበትም። ዳቦ ቤት የምትሠራዋ አለችበት፤ በዚያው ዕለት መንገድ ላይ አግኝታኝ «ራስሽን ችለሻል ተብያለሁ» ብላ እንደ ሹመት ነገረችኝ። እኔም እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት፤ ከልቤ ነው።

ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ነው። ነርሷን ጠሯት። እኔን አልጠሩኝም። አስተባባሪዋ ይህን በስልክ ልትነግረኝ ስትችል ቤቴ ድረስ መጣች። ተቀመጠች፣ ሻይ ጠጣች፣ የተሰበረውን መደርደሪያዬን ሳይቀር ያዝ አድርጋ አብራኝ ጠገነች። አለቃው ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ከእንግዲህ በዚያ ሰፈር አይመደብም የሚል ደንብ አውጥቷል አለችኝ። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነው አልኳት፤ እውነቴን ነው። ታዲያ ለምን በሌላ ሰፈር አልመደቡኝም ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷም አልነገረችኝም። ከመጣችበት እስከሄደችበት ድረስ አንድም ጊዜ ቶሎ አላለችም።

ስለዚህ፣ ልጄ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሥራ የለኝም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ብዕሬን አሳረፍኩና አየሁት። አጭር ነው። ቤቱ አልፈረሰም፣ ጎረቤትም አልተሰበሰበም። ሰኞ ጧት አንድ ማተሚያ ቤት ሄጄ አራሚ ይፈልጉ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ካልፈለጉ ደግሞ ሌላ ቦታ እጠይቃለሁ። ተስፋ ለመቁረጥ ገና ነው፤ የሰው ስህተት ማረም እንደሆነ ዕድሜ ይጨምርበታል እንጂ አይቀንስበትም። ካልሆነልኝም እቤቴ እቀመጣለሁ፤ ደውለሽ እንዴት ዋልክ ስትዪኝ ሥራ ፈትቼ ዋልኩ እልሻለሁ።

እስካሁን ሳታስተውዪው አልቀረሽም፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ሥራሽ አልጠየቅኩሽም። ረስቼው አይደለም። በተገናኘን ቁጥር አስቀድሜ የምጠይቅሽ እሱን ነበር፤ አንቺም «ጥሩ ነው አባዬ» ትዪኝ ነበር፤ ፍጥን ብለሽ፣ ጥርት አድርገሽ። ከእንግዲህ አስቀድሜ አልጠይቅሽም። በሥራ ሰዓት በደወልሽ ጊዜም ስለ ጥርሷና ስለ ጣሪያው እናውራ፤ የቀረው በራሱ ሰዓት ይምጣ። እስከዚያው የኋለኛውን ክፍል መስኮት አሳድሼዋለሁ። የናትሽን ትልቁን አልጋ ከትንሿ አልጋ ጋር ጎን ለጎን አስገብቼ ሞከርኩት፤ ልክ ይገባሉ፣ በሩም ይዘጋል። የዚያን የግል ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ደግሞ የምዝገባውን ቀን እንደገና ጠየቅኩት፤ ገና ነው፣ ቦታም አለ። ይህን የምነግርሽ እንዲሁ ነው።

ፈጣሪ ከወገብሽ ሕመሙን፣ ከጣሪያሽ ጠብታውን ያንሳልሽ። ትንሿን፣ አንቺን ባሳደገልኝ እጅ፣ ያሳድግልሽ። የሰው ዓይን ሳያሳቅቅሽ፣ የሰው ወሬ ሳያቻኩልሽ ይጠብቅሽ፤ ደጃፌም በመጣሽበት ሰዓት ሁሉ ክፍት ሆኖ ያግኝሽ።

የምታውቂኝ
አባትሽ